ብርድ ከደካ፣ ማር ከማንኪራ

ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ የማይወደድ ቃል ነው፤ ፍሪጂድ። ቦንጋ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ቃል የሚያገኙት ስለ ዓለም የአየር ጠባይ በሚያወራ ምንባብ ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የማይለቃቸው የምድር ዳርቻዎች በሚጠሩበት ቦታ ነው። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ «በጣም ቀዝቃዛ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አላልፍም። እንግዳ ቤት ሲመጣ ከየት እንደመጣና የማን ዘመድ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ቃልም እንደዚያው ነው። ባልደረቦቼ በዚህ ያሾፉብኛል። ያሹፉ፤ የእኔ ተማሪዎች ቃሉን አይረሱትም።

መጀመሪያ ቤታችን ውስጥ ያለውን እናያለን። አማርኛ በብርድ በኩል አይታማም። ገላ ሲያንቀጠቅጥ ብርድ፣ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ ቁር፣ ማለዳ ሣሩን ሲያነጣው ውርጭ፣ ጣት አልታጠፍ ሲል ቆፈን አለን። ፍሪጂድ ከእነዚህ ሁሉ ለቁር ይቀርባል። ቦንጋ ዝናብ እንጂ ቁር የላትም፤ ስለዚህ ልጆቹን «እላይ ደጋው፣ ደካ የሄደ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አንድ ሁለት እጅ ይወጣል፤ እጁን ያወጣው ሁሉ ብርዱን ራሱ የፈጠረው ይመስል ይኮራል።

እኔም ቃሉን የተዋወቅኩት ደካ ነው። የመጀመሪያ የሥራ ቦታዬ ነበረች። የማንኪራ ልጅ ነኝ፤ ጫካ ከልሎኝ ያደግኩ፣ ከባድ ብርድ በሰው ወሬ ብቻ የማውቅ። ደካ ክረምት ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ሲወድቅ የሚታወቀኝ ድምፁን ስሰማ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላቴን አቅፌ እቀመጣለሁ። ይህን ቃል እዚያ ሳገኘው የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

ከደካ የማልረሳው ግን የአከራዬን ማር ነው። ቁርስ ላይ ማር በቢላ ቆርጠው ሰጡኝ። ነጭ፣ ደረቅ፣ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር። ገርሞኝ ሳፈጥ «ምነው ልጄ፣ ማር አታውቂም? በርዶት እኮ ነው» አሉኝ። የንብ አናቢ ልጅ ሆኜ ማር አታውቂም ስባል ከፋኝ። እሳቸው ግን ሳህኑን ምድጃው ዳር አስጠጉት፤ ጥቂት ቆይቶ ነጩ ወርቃማ ሆነና ፈሰሰ። ሳህኑን በጣቴ ጠርጌ በላሁ።

መዝገበ ቃላቱ ለፍሪጂድ ሦስት ትርጉም ይሰጣል። አንደኛው ቁሩ ነው። ሁለተኛው የሰው ጠባይ ነው፤ ደንቡን ሁሉ የሚያሟላ፣ ወንበር የሚያቀርብ፣ «ደህና ነዎት?» የሚል፣ ግን ፊቱ ላይ ሙቀት የሌለበት ሰው። እኛም «በራድ» እንላለን፤ የእኛው በራድ ግን ትንሽ ፈዛዛ ነው። የእንግሊዝኛው ፈዛዛ አይደለም፤ አውቆ ነው የሚቀዘቅዘው። ሦስተኛው ስለ ሴት የሚነገር ነው፤ በመኝታ ባሏን ያልፈለገች ሴት ትሰደብበታለች። ይሄኛውን ወንዶች ለራሳቸው ጥፋት ስም ሲያጡለት ያመጡት ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ አላነሳውም፤ ትልልቆቹ ልጃገረዶች ከጠየቁኝ ግን ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

ዘሩ ላቲን ነው። ላቲኖች ብርድን ከሚጠሩበት ስም የተወለደ ነው። ከዚያው ስም «መልሶ ማቀዝቀዝ» የሚል ግስ ወጣ፤ ከግሱ ሪፍሪጅሬተር መጣ፤ እሱም ለአፍ ሲረዝም ሰው ከፊትም ከኋላም ቆረጠውና ፍሪጅ ሆነ። እዚህ ላይ ስደርስ የተኛ ተማሪ ሁሉ ይነቃል። በየሱቁ ለስላሳ የሚቀዘቅዝበት ሣጥን ያን ያህል ትልቅ ቤተሰብ ያለው አይመስላቸውም። ያ የጥንቱ ግስ ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ማሳረፍም ነበር፤ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ጥላ ሲያገኝ እንደሚለው እፎይታ። ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌ ጠብ መሃል ሲገባ «ነገሩን አብርዱት» ይል የለም?

ስለ ፍሪጅ ግን ከመዝገበ ቃላቱ የበለጠ ያስተማሩኝ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ናቸው።

አማቴ ቦንጋ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። አያታቸው ከሰሜን በጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው የአገሬውን ቋንቋ ካፊኖኖን ከእኔ እኩል ያቀላጥፉታል። ጨዋታ አዋቂና ለጋስ ናቸው፤ አንድ ነገር ከወደዱ ግን መጠን አያውቁም። ለቤት ፍሪጅ ገዙና ሳሎኑ መሃል አቆሙት። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ አናቱን ዳንቴል አልብሰው የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡበት። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ተራ በተራ ገባ። ዳቦው ገባ፣ በርበሬው ገባ፣ የራስ ምታት ኪኒኑ ገባ፣ ሻማ ሳይቀር ገባ። እትዬ «እንግዲህ የቀረነው እኔና እሳቸው ነን» ይሉ ነበር።

አባቴ ደግሞ ማንኪራ ነው፤ ቡና ይለቅማል፣ ንብ ያነባል። በገበያ ቀን ቦንጋ ሲመጣ እኔን ሳያይ አይመለስም። የምንኖረው አማቴ ግቢ ውስጥ ስለሆነ እዚያው ሳሎን፣ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም፤ በማሰሮ ማር ይዞ ነው። አማቴ ያወራሉ፣ አባቴ ያዳምጣል። አንዱ ወሬ ሳያልቅበት፣ ሌላው ጆሮው ሳይደክም፣ ተስማምተው ኖሩ።

ነገሩ የመጣው የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ነው። አባቴ ያመጣውን ማር አማቴ «እንዳይበላሽ» ብለው ከነማሰሮው ፍሪጅ ከተቱት። እትዬ «ማር ደግሞ ይበላሻል እንዴ?» ሲሉ «አንቺ ዘመናዊ ነገር አይገባሽም» አሏቸው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ ማሩ ሲበርደውና ለዘብ ሲልለት ሰነበተ። አንድ እሁድ የማኅበር ጓደኞቻቸውን ምሳ ጠሩ፤ አባቴንም ጠርተውታል። ምሳው ገና ሳይጋመስ አማቴ ብድግ አሉና «የምራቴን አባት ማር ሳትቀምሱማ አትሄዱም!» ብለው ማሰሮውን አወጡ። ክዳኑን አነሱ። ማንኪያው አልገባም። ማሩ ነጭ፣ ድርቅ ያለ፣ ፍርፍር የሚል ሆኗል።

ከእንግዶቹ አንዱ ማር ነጋዴ ነበር። በጣቱ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገና «ስኳር አለበት። አፍልተው ሲቀላቅሉበት እንዲህ ነው የሚሆነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ገበያ ላይ ያየውን ነው የተናገረው። አማቴ ደነገጡ፤ ሲደነግጡ ደግሞ ይቀልዳሉ። ወደ አባቴ ዞረው «ምነው ዘመዴ፣ የዘንድሮ ንቦች ስኳር ፋብሪካ ነው እንዴ የተቀጠሩት?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አባቴ አልሳቀም። የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ። እጁን ታጠበ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ወጣ።

«በርዶት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ደካ ማር በቢላ ነው የሚቆረጠው! ፀሐይ ላይ አድርጉት!» እነሱ እስኪነሱ አልጠበቅኩም፤ በእርግዝና ሆዴ ማሰሮውን አቅፌ ደጅ አወጣሁት። ቀለጠ። ማር ነጋዴው በርኅራኄ አየኝና «እህቴ፣ ስኳርም ይቀልጣል። ልጅ ደግሞ ለአባቷ ምን ትበል?» አለኝ። ያን ያህል ተናድጄ አላውቅም።

አማቴ አባቴን ጠበቁ። በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ያስረዳል፣ እሳቸው ትከሻውን ስመው ይስቃሉ፣ ነገሩ ያልቃል ብለው። አልመጣም። ያን ጊዜ ምሳውን የበላ ሁሉ «ንጹሕ ቢሆን ዝም ይላል?» ማለት ጀመረ። እነሱ ባደጉበት ቤት፣ ስሙ የተነካ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። አባቴ ባደገበት ቤት ግን፣ እህል በቀመሰበት ቤት የተጠረጠረ ሰው ራሱን በራሱ አፍ አያጥብም፤ ይወጣና፣ ያየ ሰው መጥቶ እስኪመሰክርለት ቤቱ ይቀመጣል። ከተሜዎቹ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት። እሱ ደግሞ የእነሱን አለመምጣት እንደ ፍርድ ቆጠረው። ሁለቱም ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ወሬው ብቻውን ገበያ ዋለ። ከአባቴ ማሰሮ እየቀመሰ፣ ጣቱን እየላሰ፣ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው በዛ። ማር የሚሸጠው በስም ነው። አባቴ ደግሞ ከስሙ ሌላ ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ነገር የለውም።

ባለቤቴ «ትንሽ ይብረድ» አለኝ። ሰላማዊ ሰው ነው። እኔ አይደለሁም። ማንኪራ ሄድኩ።

አባቴ ደጅ ተቀምጦ የተሰነጠቀ ቀፎ በሐረግ ሲያስር አገኘሁት። በራሳችን ቋንቋ ተጨቃጨቅን፤ ማለትም እኔ ተጨቃጨቅኩ።

«ለምን ሄደህ አትናገርም?»

«እኔ ከተናገርኩ ክርክር ነው» አለ። «ሌላ ሰው ሲናገር ነው ምስክር የሚባለው።»

«እኔ ተናግሬልሃለሁ እኮ!»

«አንቺማ እኔ ነሽ።»

«ልጄ ክርስትና ሲነሳስ? ያለ አያቱ ሊነሳ ነው?»

ሐረጉን ጠበቅ አደረገው። «ስሜ በቆሸሸበት ቤት ልጅ አላቅፍም» አለኝ። በቁጣ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር። ስመለስ ጫካው መሃል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የልጄን የመጀመሪያ ትልቅ ቀን አሰብኩት፤ ሰው ሁሉ ሞልቶ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ ሆና። ከለቅሶዬ ስነሳ ግን ምን እንደማደርግ አውቄ ነበር።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለአማቴ «ጋሼ፣ ያላዩትን ተናግረዋል» አልኳቸው። የእትዬ ሻይ ተደፋ። ምራት አማቷን እንዲህ አትናገርም። እኔ ግን ጀምሬያለሁ። «አባቴ ያልቆረጠው አንድ ቀፎ ቀርቶታል። ሲቆረጥ ዛፉ ሥር ይቁሙ። ማሩን በእጅዎ ይቀበሉ፣ በእጅዎ ይሸከሙ፣ ፍሪጅዎ ውስጥ በእጅዎ ያስገቡት። እንደዚያኛው ነጭ ሆኖ ካልረጋ እኔ ሁለተኛ የአባቴን ማር በዚህ ቤት አላነሳም።»

ሲናደዱ ጆሯቸው ይቀላል፤ ቀላ። ዳቦውን ቆረሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ፍሪጁን አዩት። ከዚያ «በዚህ ጫማ ማንኪራ አይገባም፤ ቦት ጫማ ፈልጉልኝ» አሉ። ይህን ሰው የምወደው ለዚህ ነው።

የቃሌን ሁለተኛ ትርጉም በሥጋ ያየሁት ማንኪራ የገባን ቀን ነው። አባቴ አማቴን በሁለት እጁ ተቀበላቸው። የተሻለውን ወንበር አቀረበ፣ እግራቸውን አስታጠበ፣ ቆጮና ጎመን አስቀረበ፣ «ብሉ እንጂ» አለ። አንድም ጉድለት አልነበረበትም። ግን ማር አልቀረበም። ያ ቤት ለመንገደኛ እንኳ ማር ሳያቀርብ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። አማቴም ገባቸው፤ እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው ሲበሉ አይቼ አላውቅም። ወሬ አዋቂው ሰውዬ ወሬ አለቀባቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ገመዱን አንግቶ ዛፉ ላይ ወጣ። ጭሱ ቅጠሉን እያቋረጠ ሲወርድ ይታየን ነበር። አማቴ ማሰሮውን ታቅፈው ከሥር ቆመዋል። ቅርጫቱ በገመድ ሲወርድ በራሳቸው እጅ ተቀበሉ፣ በራሳቸው እጅ ገለበጡ። አንዲት ንብ ጆሯቸውን ነደፈቻቸው፤ «ይህቺስ የስኳር ፋብሪካ አይደለችም» ብለው ሊቀልዱ ፈልገው ግማሹ ላይ ተዉት። አባቴ ከዛፉ ወርዶ ከጆሯቸው መንደፊያውን በጥፍሩ ነቀለላቸው።

ማሰሮውን ለማንም አልሰጡም። ጭቃው ውስጥ ሁለቴ ወደቁ፤ ሁለቴም መጀመሪያ የተነሳው ማሰሮው ነበር። ቤት ሲደርሱ ፍሪጁ ውስጥ አስገቡ፣ ቆለፉ፣ ቁልፉን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ በኋላ እትዬ በርበሬ በፈለጉ ቁጥር እሳቸውን ከሱቅ ማስጠራት ግድ ሆነ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዛ፤ የሚጠየቀው ስለ ማሩ ነበር።

መጀመሪያ ወፈረ እንጂ አልረጋም። የሠፈሩ ሰው በጥርጣሬ አየኝ። እኔ ተማሪዎቼን አስተማርኩ፣ ምሳዬን በላሁ። የደካን ማር በጥርሴ የማውቅ ሴት ነኝ፤ ለምን እጨነቃለሁ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከዚያ ማንኪያ ሲጠልቅበት ከሥሩ ደመና የመሰለ ነገር ወጣ፤ ደመናው እያደር ወደ ላይ መጣ። አንድ ጠዋት አማቴ በፒጃማ ቤታችንን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ቢላ ነበር፤ ቢላው ላይ ነጭ የማር ቁራጭ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በርዶት ነው» አሉኝ፣ እኔ እንዳልነገርኳቸው ሁሉ።

ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁና ያንኑ ማር ነጋዴና ያንኑ የማኅበር ሰው ጠርተው አሳዩ። ነጋዴው ቀመሰ፣ አላመጠ፣ «እኔም እንግዲህ ስንቱን ሰው አምቼ ይሆን» አለ። በዚያ ቢያበቃ ለቦንጋ ይበቃ ነበር፤ ለማንኪራ ግን አይበቃም። የአባቴን ደንብ ለአማቴ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው እሁድ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ አማቴ ማንኪራ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ማሰሮውን በነጠላ ጠቅልለው ቆሙ። በካፊኖኖ ተናገሩ፦ «ይህ ማር ሲቆረጥ ያየሁ እኔ ነኝ። የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ብርድ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ። ስኳር የለበትም። የቀለድኩትም እኔ ነኝ።» ጎረቤቶቹ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ «ሰምተናል» አለ። አማቴ መንገዱን ሁሉ «ሰምተናል ማለት ምን ማለት ነው? ይመጣል ማለት ነው?» እያሉ ጠየቁኝ። እኔም አላወቅኩም።

ሴት ልጅ ወለድኩ። በክርስትናዋ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳሎኑ ሞላ። አማቴ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ማንንም አላስቀምጥ አሉ፤ አንድ አስተማሪ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለበት» ብለው አስነሱት። ምሳው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ። ወንበሯ ባዶ ነበረች። ልጄን አቅፌ በሩን ላለማየት ግድግዳ አይ ነበር።

አባቴ ዘግይቶ ገባ፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ብብቱ ሥር ማሰሮ ይዟል። ወደ ወንበሩ አልሄደም። በእንግዶቹ መሃል አልፎ ፍሪጁ ፊት ቆመ። ከፍቶት አያውቅም፤ መክፈቻውን ትንሽ ፈለገ። ማሰሮውን አስገባ፣ በሩን ዘጋ፣ የተንሸራተተውን ዳንቴል አስተካከለ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና፣ ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ፣ «ልጅቷን ስጡኝ» አለ።